ይቅርታን ከሐዘንተኛ አፍ አትንጠቁ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ልጁን የገደለበትን ሰው ይቅር ያለ አባት፣ እናቷን ያጣች ሴት በችሎት ፊት ምሕረት ስታደርግ፣ እንዲህ ያለ ዜና ባወጣችሁ ቁጥር አነባለሁ፤ እንባዬም ይመጣል። ክርስቲያን ነኝና ይህ ኃይል ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሚያሳዝነኝ ዜናውም ስብከቱም «ይቅር ብያለሁ» ከሚለው ቃል ላይ መቆሙ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1987 በሰሜን አየርላንድ ኤኒስኪለን በጦርነት የሞቱትን ለማሰብ በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ቦምብ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ። ጎርደን ዊልሰን ፍርስራሽ ሥር ሆኖ የ20 ዓመት ነርስ ልጁን ማሪን እጇን እንደያዘ ነበር። «አባዬ፣ በጣም እወድሃለሁ» አለችው፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማም። ለጋዜጠኛ ሲናገር ቂም እንደማይዝ ገለጸ፤ ለገዳዮቹም ዛሬ ማታና በየማታው እንደሚጸልይ ተናገረ። ሰው የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ነው፤ ለእኔ ግን ክብደቱ ያለው «በየማታው» በሚለው ላይ ነው። በ1993 ቦምቡን ካፈነዱት ታጣቂዎች ተወካዮች ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ግድያውን እንዲያቆሙ ለመናቸው። ያሰበውን መልስ ሳያገኝ ተመለሰ።

የእኔ ወንድም በሰው እጅ ሲሞት፣ ከቀብሩ ማግስት አንድ አገልጋይ ቤታችን መጥቶ እናቴን «ይቅር ብያለሁ በይ፤ ያለዚያ ጸሎትሽ አይሰማም» አላት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ለብዙ ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት የዋሸች እየመሰላት ተሠቃየች። የወንድሜን ፎቶም ከግድግዳ አወረደችው፤ ባየችው ቁጥር የሚታያት ገዳዩ ነበርና። ኋላ፣ ማንም ሳይጎተጉታት፣ አንድ ማለዳ በጸሎቷ መሐል የዚያን ሰው ስም ጠራች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱም ጠራችው፣ በሳልስቱም። ፎቶውን መልሳ የሰቀለችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስለ ልጇ ተረብና ሳቅ ማውራትም የጀመረችው ያኔ ነው። ይቅርታ ለገዳዩ ምን እንዳደረገለት አላውቅም፤ ለእናቴ ግን ልጇን መለሰላት።

ይቅርታ ፍርድን ያስቀራል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ 9 ሰዎች በተገደሉ በሁለተኛው ቀን፣ እናቷ የሞተችባት ሴት በችሎት ለገዳዩ እናቷን ዳግመኛ እንደማታናግራት፣ ዳግመኛ እንደማታቅፋት ነግራ ይቅር አለችው። ፍርድ ቤቱ ግን ሥራውን አላቆመም። «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ» የሚለው ቃል ጥላቻን ከልባችን ያወጣል እንጂ ዳኛውን ከወንበሩ አያስነሣም። ደግሞም ከዚያው ከቻርልስተን ሐዘንተኞች መካከል ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈለጋቸው ነበሩ። እምነታቸው አነሰ ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ «አቤቱ፥ እስከ መቼ» እያለ የሚጮኸው መዝሙር የማን መጽሐፍ እንደሆነ ይጠየቅ።

ስለዚህ አገልጋዮችን፣ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ቃሉን ከሐዘንተኛው አፍ አትንጠቁ፤ አብራችሁ ተቀመጡ፣ አልቅሱ፣ ጸልዩ እላለሁ። እናንተንም የምለምነው አለ፤ ይቅር ያሉትን ሰዎች የችሎቱ ካሜራ ከሄደ ከዓመታት በኋላ ተመልሳችሁ ጎብኟቸው፤ እንዴት እንደሚውሉና እንዴት እንደሚያድሩ ጠይቃችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ