ከጎን የተቀረጸ ይሁን

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ፣ ነገ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ ስል ጊዜው ሄደ። ይቅር በይኝ። ዛሬ እማማን ገበያ አገኘኋቸውና ልጅሽ ጂምናስቲክ እንደጀመረች ነገሩኝ። ደስ ሲል! ይኸው የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳለ ነው፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

አውድማው ትዝ ይልሻል? ጭዱ ላይ ስንገለባበጥ ውለን እኔ አንገቴን አሞኝ ሳምንት ሙሉ ዞር ማለት ያቃተኝ? ምክንያቱ የገባኝ ልጆች ማሠልጠን ስጀምር ነው። ስንከባለል አናቴን ነበር መሬት የማስነካው። አገጭ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ ጀርባ ክብ ይሆናል፣ ክብደቱን እጅ ይይዛል፣ ከዚያ ማጅራትና ትከሻ ነው ፍራሹን የሚነካው። ልጅሽ ተንከባላ ስትነሳም በእጇ አትደገፍ። ይሄ ሳይገባት የአየር ላይ ግልብጥ እንዳትሞክር፣ አደራ።

በእጅ መቆም ላይ ግን ጊዜ ስጧት፣ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ሆዷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ በእግሯ ግድግዳውን እየረገጠች ትውጣ። ጀርባዋን ከሰጠች ወገቧ መጉበጥ ይለምዳል፣ እሱን ማስተው ደግሞ መከራ ነው፣ እኔ ስንቱን ልጅ አይቻለሁ። እጆች በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ተዘርግተው፣ ክርን ቀጥ፣ ትከሻ ጆሮ እስኪደርስ ወለሉን መግፋት። ሆድና መቀመጫ ጠበቅ፣ የእግር ጣት ወደ ላይ ሹል።

ዳኞችም የሚያዩት ይህንኑ ነው። በዓለም አቀፉ ውድድር አንዱ ወገን የእንቅስቃሴዎቹን የአስቸጋሪነት ነጥብ ይደምራል፣ ሌላው አሠራሩን ከ10 ተነስቶ ይቀንሳል። ትንሽ ስህተት 0.1፣ መካከለኛ 0.3፣ ከባድ 0.5፣ መውደቅ 1 ሙሉ ነጥብ። የታጠፈ ጉልበት፣ የተራራቀ እግር፣ አርፋ ፈቀቅ ማለቷ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ሮማኒያዊቷ ጂምናስት ናዲያ ኮማኔቺ እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ በ14 ዓመቷ 10 ስታገኝ ሰሌዳው 1.00 ነው ያሳየው፣ 10.00 መጻፍ አይችልም ነበር። ይሄን ለልጅሽ ንገሪያት፣ ትወደዋለች።

ስታርፍ ጉልበቷን ለስለስ አድርጋ አጥፋ ጸጥ ትበል። ደግሞ ቪዲዮ ላኪልኝ፣ ከጎን የተቀረጸ ይሁን፣ ከፊት ከሆነ ወገቧ መጉበጡ አይታየኝም።