ፊርማዎን እየጠበቅን ነው

ለተከበሩ የትምህርት ኃላፊ፦

ለአራተኛ ጊዜ ቢሮዎ ከምመላለስ በአደባባይ ልጻፍልዎ ብያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ልጆች ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገውን የመጀመሪያ እርዳታ በትምህርት ቤት ይማሩ ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

አባቴ የወደቁት እዚሁ ደሴ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ቡና አፍልታላቸው፣ አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናው ሳይቀዳ ተዘረሩ። ልጄ ጮኸች። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ «ክብሪት ጫሩ!» ይላል፣ አንዱ ውኃ ይረጫል፣ ሌላው ባጃጅ ፍለጋ ይሮጣል። ደረታቸውን የነካ ሰው የለም። እኔ ከኮምቦልቻ ተነስቼ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ስደርስ አልቆ ነበር።

ይተርፉ ነበር አልልም፤ እሱን አላህ ያውቃል። ግን ልብ ሲቆም አንጎል የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ የሚደረገው ደግሞ ቀላል ነው። ሁለት እጅ ደርቦ የደረትን መሀል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፤ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪሰምጥ። ልጆች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በዓመት 2 ሰዓት ይማሩት የሚለውን ሐሳብ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ደግፎታል። በዓመት 2 ሰዓት ብቻ!

አንድ ሠራተኛዎ «በጀት የለም» አለኝ። በጀት ማን ጠየቀ? አንዲት ነርስ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ላስተምር ብላለች። የደረት መጫን መለማመጃ አሻንጉሊት ባይኖር በትራስም መጀመር ይቻላል። ርዕሰ መምህሩም ደስ ብሏቸዋል፤ ግን «ከበላይ ደብዳቤ አምጡ» አሉን። ልክ ናቸው፣ ደንቡ ነው። ደብዳቤው ግን ጠረጴዛዎ ላይ ወራት አስቆጠረ። በጣም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅዎትም። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ማንንም የማይጎዳ ነገር በአንድ ፊርማ ይታገዳል?

ልጄ እስከ ዛሬ «እጃቸውን ይዤ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ እኮ» ትለኛለች። ምን ብዬ ላጽናናት? ያላስተማርናትን ከየት ታምጣው?

ትናንት ማታ ትራስ መሬት ላይ አስተኝታ ስትጫን ደረስኩባት። ቪዲዮ አይታ ነው። ላብ በላብ ሆናለች። ቀና ብላ «አባዬ፣ ልክ ነኝ?» አለችኝ።

አላውቅም። የምታውቀው ነርስ የእርስዎን ደብዳቤ እየጠበቀች ነው።

አንድ የደሴ ነዋሪና ወላጅ