የአቢሲኒያን ስም የያዘች ቤተ ክርስቲያን መጋቢና የእኛ ቅሬዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ስለ ሃይማኖት አባቶች የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ በሰላምና በዕርቅ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ አባጋሮች፣ የዕርቅ ሽማግሌዎቻችን፣ ደም ሲያደርቁ እያየን ላደግን የወሎ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ተገቢም ነው። ሆኖም የሃይማኖት አባት ከዕርቅ ባሻገር በሰፈሩ ሕዝብ ኑሮ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የሕይወት ታሪክ በሰፊው እንድታቀርቡልን ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2022 በ73 ዓመታቸው ያረፉት አሜሪካዊው የባፕቲስት መጋቢ፣ ሬቨረንድ ዶክተር ካልቪን በትስ ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር በትስ ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉባት፣ በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም ውስጥ የምትገኘው ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ባፕቲስት ትባላለች። በ1808 ጥቁሮች በጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ ሲገደዱ፣ ከሀገራችን እንደሄዱ የሚነገርላቸው ነጋዴዎችና ነጻ ጥቁር አሜሪካውያን ያንን ቤት ጥለው ወጥተው የራሳቸውን መሠረቱ፤ በሀገራችንም ስም ሰየሙት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄደው መስቀል አበርክተዋል። እኛ በራሳችን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሚሌኒየማችንን ስናከብርም ዶክተር በትስ ከመቶ የሚበልጡ ምእመናኖቻቸውን አስከትለው ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። እንዲህ ያለ ዝምድና ያለው ሰው ሲያርፍ በእኛ ዘንድ ብዙም ሳይነገርለት መቅረቱ ያሳዝነኛል።

በቤተ ክርስቲያኒቱ አገልግሎት የጀመሩት በ1972፣ ገና በወጣትነታቸው ነው፤ ዋና መጋቢ የሆኑት ደግሞ በ1989። ያን ጊዜ ሃርለም ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ሕንፃዎች የበዙባት፣ አደንዛዥ ዕፅ ወጣቱን የሚጨርስባት ሰፈር ነበረች። በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ የልማት ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱ የፈራረሱ ሕንፃዎችን እያደሰ፣ አዳዲሶችንም እየሠራ፣ ለአረጋውያን፣ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎችና ቤት ለሌላቸው ቤተሰቦች መጠለያ አዘጋጀ፤ በመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በተርጉድ ማርሻል ስም የተጠራ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ፤ ትኩስ አትክልትና ሥጋ በቅርብ ለማያገኘው ሕዝብም ትልቅ የምግብ መደብር በ1999 እንዲከፈት ረዳ። ዶክተር በትስ በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የኦልድ ዌስትበሪ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ መጋቢነታቸውን ሳይተዉ እስከ 2020 መርተውታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በ1990 ያደረጉት ነው። የሲጋራና የአልኮል ኩባንያዎች በድሆች ሰፈር ማስታወቂያቸውን ግድግዳው ሁሉ ላይ ሲለጥፉ፣ መጋቢው ምእመናኖቻቸውን ይዘው ወጡ፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ የቀለም መቀቢያ እያነሡ ማስታወቂያዎቹን በነጭ ቀለም ሸፈኗቸው። ስብከቱን በአደባባይ በእጃቸው ሠርተው አሳዩ ማለት ነው። ያደረጉት ሁሉ ግን አልተወደደላቸውም። ሴቶችን የሚያዋርዱና ዓመፅን የሚያወድሱ የራፕ ዘፈኖችን በ1993 ሲቃወሙ ከወጣቶች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ የልማት ድርጅቱም ሰፈሩን ለሀብታሞች አመቻችቷል፣ ነባሩን ነዋሪ የቤት ኪራይ እንዲያሳድደው አድርጓል ተብሎ ተወቅሷል። ይህ ወቀሳ በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ አብሮ መጻፍ አለበት።

እኔ የደሴ ነዋሪና ሙስሊም ነኝ፤ በሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው ዕድር በሚለው፣ ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ያዋጣል፤ ሰው ሲሞት መቃብሩን አብረን እንቆፍራለን፣ ድንኳኑን አብረን እንተክላለን። ሕዝቡ ገንዘቡን ሳይጠራጠር የሚያስረክበው እንደ ቅሬ ያለ ተቋም በሀገራችን ብዙ የለም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ሞትን ብቻ ይጠብቃል። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቃቸው ተዘርፎ እስከ ዛሬ ማንሰራራት ያቃታቸው፣ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ መቀየር አቅቷቸው ክረምት በመጣ ቁጥር በየማዕዘኑ ባልዲ የሚደቅኑ አረጋውያን የቅሬያችን አባላት ናቸው። ለቀብራቸው በቂ ገንዘብ አለን፤ በሕይወት ሳሉ ለጣሪያቸው ግን ደንባችን አንዲት ብር አይፈቅድም።

ስለዚህ በየሰፈሩ ያሉ የቅሬ መሪዎች፣ ሼሆችና ካህናትም አብረዋቸው፣ ከመዋጮው ጥቂቱ ለአረጋውያን ቤት ጥገናና ሥራ ላጡ ወጣቶች መነሻ እንዲውል በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ እንዲመክሩበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛም ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤያችን አቅርበነዋል። ይህን ከእኛ አስቀድሞ የሞከረ ቅሬ ወይም ዕድር ካለ፣ ገንዘቡን እንዴት እንደሚቆጣጠርና ተረጂዎቹን በምን መንገድ እንደሚመርጥ በዚሁ ጋዜጣ ቢጽፍልን ትልቅ ውለታ ይሆንልናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ