አስቦ ለመማር ማን ዝግጁ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ ጽሑፍ ላይ ምክንያታዊ አስተሳሰብ የጎበዝ ተማሪዎች ጉዳይ ተደርጎ ቀርቧል። እኔ ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ሒሳብና ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ፈጣን ጭንቅላት ይጠቅማል። ማን ትምህርቱን እንደሚቀበል፣ ማን ጆሮውን እንደሚደፍን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው ተሳስቶ ቢገኝ ክብሬ ይነካል ብሎ የሚያምን መሆን አለመሆኑ።

ለአዲስ ገቢዎች ሁሌም አንድ ጨዋታ አጫውታለሁ። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ ነው። ሰሌዳው ላይ 2፣ 4፣ 6 ብዬ እጽፋለሁ። “እነዚህ ቁጥሮች በልቤ የያዝኩትን ሕግ ያሟላሉ። ሌላ ሦስት ሦስት ቁጥር እያመጣችሁ ጠይቁኝና ሕጉን ድረሱበት” እላለሁ። አንዱ 8፣ 10፣ 12 ይላል። አዎ እለዋለሁ። 20፣ 22፣ 24? አዎ። “በቃ፣ በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው!” ይላል። አይደለም። ሕጉ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሂዱ የሚል ብቻ ነው። በዌሰን ሙከራ ከ29 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያ መልሳቸው ሕጉን ያገኙት 6 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ግምታቸውን የሚደግፍ እንጂ የሚያፈርስ ምሳሌ መፈለግ አልመጣላቸውም።

ባለፈው ኮርስ በከፍተኛ ውጤት የሚታወቅ አንድ ወጣት ነበረኝ። ተሳስተሃል ስለው ፊቱ ጠቆረ። ጥያቄው ግልጽ አይደለም ብሎ ሙግት ገጠመኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የመኪና መካኒክ ግን ቀድመው 6፣ 4፣ 2 አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። ደስ አላቸው! ቀጥለው 1፣ 2፣ 50 አሉ። ይሆናል። ብዙም ሳይቆዩ ሕጉን ነገሩኝ። እንዴት እንደመጣላቸው ስጠይቃቸው፣ “ሞተር ካልተነሣ አልተነሣም። ችግሩ ባትሪው ነው ብዬ ብምልለትም አይሰማኝም” አሉኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኚህ ሰው በየቀኑ ይገምታሉ፤ ማሽኑ ሳያሾፍ፣ ሳያዋርድ ያርማቸዋል። የአየር ትንበያ ባለሙያም እንደዚሁ ነው፤ ለነገ የተነበየውን ነገ ያየዋል። ወጣቱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተሞገሰው ትክክለኛ መልስ ስለሰጠ ነው። ስህተት ሲመጣበት የፈረሰው ግምቱ ብቻ አልመሰለውም፤ ማንነቱም ጭምር እንጂ። በእሱ አልፈርድበትም፤ እንዲህ አድርገን ያሳደግነው እኛው ነን።

ጉብዝና ብቻውን እንደማያድን ተመራማሪው ዳን ካሃንና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያቀረቡት ጥናትም ያሳያል። ለሰዎች አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ሰጡ። የቆዳ ቅባት ሙከራ ውጤት ነው ሲባል በስሌት የበረቱት ከሌሎቹ በተሻለ አነበቡት። ያው ዓይነት ቁጥር እዚያ አገር የፖለቲካ ጎራዎችን ስለሚያከራክረው የጦር መሣሪያ ሕግ ነው ሲባል ግን ሰው በፖለቲካ ጎራው ተከፈለ፤ ክፍፍሉም በስሌት በበረቱት ላይ ባሰ። ችሎታቸውን የወገናቸው ጠበቃ አደረጉት።

እኔ በክፍሌ ውስጥ “እንዲህ አስቤ ነበር፣ በዚህ ምክንያት ቀየርኩ” ብሎ ለሚጽፍ ተማሪ ማርክ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የሚያፍሩ አሉ። ቆይተው ግን እርስ በርስ መጠያየቅ ይጀምራሉ፤ ያ ወጣትም ቢሆን ኮርሱ ሳያልቅ የራሱን መልስ ለማፍረስ እጁን ያወጣ ጀመር።

ከእናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ብዙ ጋዜጦች እርማት ሲያወጡ ውስጥ ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። እናንተ እርማቱን ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። ዘጋቢው መጀመሪያ ለምን እንደዚያ እንዳሰበና ምን አይቶ እንደቀየረ ሁለት መስመር ይጨምርበት። ለተማሪዎቼ ቆርጬ ክፍል ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የማታ ትምህርት መምህር