የሙዚቃ ክበባችን ዓመት፦ ከቆርኪ ጸናጽል እስከ ማሲንቆ

መስከረም 2017 ላይ 23 ልጆች ሲመዘገቡ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ያለው አንድ ከበሮ ብቻ ነበር፣ እሱም ቆዳው የላላ። ክራር እንግዛ ብለን ዋጋ ጠየቅን፣ የክበቡ ብር አንድም አይገዛም። በቃ ራሳችን እንሥራ አልን፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ከዛ በፊት አንድም መሳሪያ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

በቀላሉ ጀመርን። ሃይላንድ ውስጥ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ እየጨመርን ማንቀጫቀጥ፣ ቆርኪ ጠፍጥፎ በሚስማር በስቶ ሽቦ ላይ ደርድሮ ጸናጽል ማድረግ። ሃይላንዱን ሙሉ ከሞላችሁት ድምፁ ይታፈናል፣ ይሄን ልጆቹ ራሳቸው ነው ያገኙት።

ከገና በኋላ የበግ ቆዳ መንገድ ላይ ተጥሎ ስለሚታይ ሦስት ልጆች ይዘው መጡ። ነክረን፣ ፀጉሩን በምላጭ ላጭተን፣ እርጥቡን የወተት ቆርቆሮ ላይ ወጥረን ጥላ ውስጥ አደረቅነው፣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱ ይወጠራል። ቆዳ ያልደረሳቸው የመኪና ከመነዳሪ ቆርጠው ወጠሩ፣ እሱም ጥሩ ይመታል፣ ግን ልጆቹ ሁለቱን እያፈራረቁ ሲመቱ የቆዳውን ነው የወደዱት።

ዋሽንት በመብራት ኮንዲዩት፣ ሽቦ በሚያልፍበት ቱቦ፣ ሞከርን። አራቱን ቀዳዳ በግምት በስተን ነበር፣ ኖታው ተበላሸ፣ ስምንት ቱቦ ካለቀ በኋላ ነው የባለሙያ ዋሽንት ተውሰን ቀዳዳዎቹን በማስመሪያ የለካነው። እሱም ሆኖ መንፋቱ ከባድ ነው፣ አብዛኞቹ ልጆች ድምፅ ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀባቸው።

ከሁሉም ግን ክራሩ ነው ያስተማረን። የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት፣ ከላይ ቀንበር፣ ስድስት የአሳ ማጥመጃ ክር። ይጮኻል ግን አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ክሩ ይላላል፣ ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ሊተዉት ሲሉ የአንዷ ተማሪያችን አባት ቅዳሜ መጡና ክሩን ባዶ እንጨት ላይ ሳይሆን ቀንበሩ ላይ ከተጠመጠመ ጨርቅ ጋር አብረን እንድናጠነጥነው አሳዩን፣ ጨርቁ ይይዘዋል፣ ሲያዞሩት ደግሞ ክሩ ይከራል። ከዛ ቁጭ ብለው የትዝታን ቅኝት ቃኙልን፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ስድስተኛው ክር ደግሞ የመጀመሪያው ዶ በቀጭን ድምፅ። ትንሽ ተጫወቱና ሚ እና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ አላሉት። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ አሁን አዘነ እኮ" አለኝ። ግማሽ ትዝታ ማለት ያ ነው፣ እኔ በሰሌዳ ላይ ባስረዳው አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ከዛ ቀን ወዲህ ልጆቹ ሳይቃኙ መጫወት ተዉ፣ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ጆሯቸውን ክራሩ ላይ ነው የሚያስጠጉት። እኔ ዓመቱን ሙሉ የፈለግኩት ይሄን ነበር።

ማሲንቆ የሠራነው ሁለት ነው። የፈረስ ጭራውን አንድ ባለጋሪ ሰጡን፣ ደጋኑን አስረን ስንስበው ግን ምንም ድምፅ የለም፣ ሦስት ቀን ምን አጠፋን እያልን ፈታን፣ መልሰን አሰርን። ዕጣን እሹበት ብለው የነገሩን የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ ናቸው፣ ጭራው ለስላሳ ሆኖ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ ነው ለካ፣ ዕጣኑ ሲነካው ይይዛል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰሙ ጮኹ፣ እኔም አብሬ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን 23ቱም ወጡ፣ በግማሽ ትዝታ ጀምረው መሃል ላይ ሁለቱን ክር አጥብቀው ወደ ሙሉው ተመለሱ፣ ስንቃኝ ወላጆች ዝም ብለው ጠበቁን።

ለመስከረም ቆርኪ፣ አሮጌ ከመነዳሪና የመጥረጊያ እንጨት አትጣሉ፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ካርቶን አስቀምጠናል።