ከወንዝ ዳር፣ ለሚጣዬ

ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽ? ባለፈው ስንደዋወል «ዳዲ፣ እሑድ እሑድ ብቻህን ምን ትሠራለህ?» አልሽኝ። ወሬያችን በእንግሊዝኛ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ አለቀ። ቅር አለኝ። ስለዚህ ይኸው በአማርኛ ጻፍኩልሽ፤ ያልገባሽን ቃል እናትሽን ጠይቂያት። (ዓመቶቹን ግን በፈረንጅ አድርጌልሻለሁ።) እናትሽ እኔ ያለሁባት የቻይና ከተማ «ዉሃን» በተጠራች ቁጥር እስካሁን የኮሮና ማስክ ነው የሚታያት። ከተማዋ 76 ቀን የተዘጋችው በ2020 ነው። ዛሬ እዚህ ሰው የሚያወራው ስለ ቁርስና ስለ ሙቀት ነው በያት።

ቁርስ ካነሳን፣ እሑዴ የሚጀምረው በእሱ ነው። «ረጋንምየን» ይሉታል፤ ትኩስ፣ ደረቅ ኑድል ማለት ነው። ቀድሞ ተቀቅሎ፣ በዘይት ታሽቶ የቀዘቀዘውን ኑድል የፈላ ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ያደርጉትና ወፍራም የሰሊጥ ልውስ ያፈሱበታል። ቶሎ ካላማሰልሽው ይጣበቃል። ሰዉ በወረቀት ሳህን ይዞ መንገድ ለመንገድ እየሄደ ይበላል። እኔ አንዴ ሞክሬ ሸሚዜ ላይ ስለደፋሁት ቆሜ ነው የምበላው። ሰሊጡ ሲሸተኝ «ከሁመራ መጥቶ ይሆን?» እላለሁ፤ የእኛ ሰሊጥ ወደ ቻይና እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ?

ከዚያ ወንዙ። ፈረንጅ ያንግትዜ የሚለውን እዚህ «ቻንግ ጂያንግ» ይሉታል፤ ረጅሙ ወንዝ። 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ስሙ አልበዛበትም። እዚህ ላይ ሀን የሚባል ሌላ ወንዝ ይገባበትና ሁለቱ ሆነው ከተማዋን ሦስት ቦታ ይከፍሏታል፦ ሀንኮው፣ ሀንያንግና ዉቻንግ። የማስተምረው ዉቻንግ ነው። የምወደው የወንዝ ዳር ያለው ግን ሀንኮው። በሜትሮ ከወንዙ ሥር ሾልኮ መሻገር ይቻላል፤ ግን ከወንዝ ሥር አልፎ ወንዝ ዳር ዋልኩ ማለት አይሆንልኝም። በጀልባ ነው የምሄደው። ሰውም፣ ብስክሌትም፣ የኤሌክትሪክ ሞተርም አብሮ ይጫናል። ሞተሩ ሲነሳ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ ሰሞን ጉድ ሆኛለሁ። እዚህ ሁሉ ነገር በስልክ ነው የሚከፈለው፤ የእኔ ስልክ ደግሞ ልክ ትኬት መቁረጫው ጋ ስደርስ ባትሪው አለቀ። ኪሴ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም የለም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እየረዘመ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጠፋ ልጅ ቆምኩ! አንዲት በአንቺ ዕድሜ ያለች ልጅ ምንም ሳትል ስልኳን አስጠግታ ከፈለችልኝ። አመሰግናለሁ ልል የከፈትኩት አፌ የተማርኩትን ቻይንኛ ሁሉ ረሳው። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ብር ሳይኖረው አልወጣም።

ሀንኮው ስትወርጂ ፊት ለፊትሽ የሰዓት ማማ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ይቆማል። በ1924 የተሠራ የጉምሩክ ቤት ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ከዚያ በወንዙ ዳር እያልሽ ከወረድሽ የድሮ ባንኮችና የንግድ ቤቶች ታያለሽ፤ እንግሊዝ፣ ሩሲያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ጃፓን በየተራ እየተካለሉ የያዙት ሰፈር ነበር። ሻዩን ጭነው የሚወስዱት ከዚሁ ነው። ሕንፃው ያምራል፣ ታሪኩ አያምርም። ወደ ላይኛው አቅጣጫ ስትዞሪ ትልቁ ድልድይ ይታያል፤ ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር ይሄድበታል። በ1957 እስኪከፈት ድረስ በዚህ ሁሉ ወንዝ ላይ ባቡር የሚያሻግር አንድም ድልድይ አልነበረም። ባቡሩንም በጀልባ ነበር የሚያሻግሩት። እስቲ አስቢው፣ ባቡር በጀልባ!

ወንዙ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጨዋ አይደለም። ለ1954ቱ ጎርፍ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። ያኔ የውሃው ከፍታ 29.73 ሜትር ደርሶ ነበር። አሁንም ክረምት ሲሆን የታችኛው ደረጃ በውሃ ይዋጣል፤ ባለፈው ሳምንት የተቀመጥኩበትን ቦታ ስፈልግ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ገብተው አገኘኋቸው። ሽማግሌዎቹ ምንም አይመስላቸውም። ብርቱካናማ ፊኛ ወገባቸው ላይ አስረው ይዋኛሉ። እኔን «ና ግባ» ይሉኛል። የአባይ ዳር ልጅ ሆኜ ዋና እንደማልችል እንዴት ብዬ ላስረዳ?

ተማሪዎቼን አንድ ቀን እዚህ አምጥቼ አስተማርኳቸው። «ሪቨር» በሉ ስላቸው «ሪወር» ይላሉ፤ ቋንቋቸው ውስጥ «ቨ» የለም። ሲስቁባት ያፈረች ልጅ ስላየሁ የእኛን ጉድ ነገርኳቸው፦ እኛም «ቨ» አልነበረንም፣ «በ»ን ወስደን አናቱ ላይ ቆብ ደፋንለት፣ እንዲያም ሆኖ አያቴ ቪላን «ቢላ» እንዳሉ ሞቱ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ክላስ ውስጥ እጅ ታወጣለች።

ይህን ሁሉ የቀዳሁት ግን ዋናውን ልነግርሽ ነው። አንድ ሽማግሌ አሉ። ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የስፖንጅ ብሩሽ አስረው፣ ባልዲ ውሃ ይዘው መሬቱ ላይ ይጽፋሉ። ቀለም የለም፣ ውሃ ብቻ። ሐምሌ ላይ ሦስተኛውን ፊደል ሲጽፉ የመጀመሪያው ደርቋል። ወንዝ የሚለውን ፊደል አሳዩኝ፤ በግራ በኩል ሦስት ጠብታ አለው፣ ውሃ መሆኑ ነው። ከዚያ ዱላውን ሰጡኝና «ያንተን» በሚል ዓይነት አገጫቸውን ወደ መሬት ቀሰሩ። «ወንዝ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ትልልቅ አድርጌ። ሰው ተሰበሰበ፣ ፎቶ ተነሳ። ሽማግሌው ሊገለብጡት ሞከሩ። «ን»ንና «ዝ»ን እንደምንም ወጧቸው፤ «ወ» ላይ ተቸገሩ። የእነሱ ፊደል ክብ ነገር የለውም፣ እጃቸው ማዕዘን ነው የለመደው። እንደ ተሰበረ መነጽር ሆነባቸው።

በቀጣዩ እሑድ ስሄድ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ከዛፉ ሥር፣ ጥላው ላይ፣ ቶሎ እንዳይደርቅባቸው ይሁን እንጃ፣ ሰባት «ወ» ደርድረው ጠበቁኝ። ሰባተኛው ከእኔ ይሻላል።

ስትመጪ በጥቅምት ይሁን፤ ሐምሌ እሳት ነው። በርበሬ እንዳትረሺ፣ እናትሽ የደለዘችውን።

አባትሽ