ሳቸል ፔጅን ላስተዋውቅህ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዋሽንግተን ኑሮ ሥራና ልጅ ማሳደግ ነው፤ ዓመቱ ሳይታወቅ ይነጉዳል። ብዙ ጊዜ ተጠፋፋን፤ እኔ ግን አንተን ያላነሳሁበት ወቅት የለም።

ዛሬ ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ላጫውትህ ነው። ያደግነው በእግር ኳስ እንደሆነ አልረሳሁም። ግን የዚህን ሰው ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ ለአንተ መንገር አለብኝ እያልኩ ነበር።

ሳቸል ፔጅ ይባላል። ፒቸር ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ ማለት ነው። አሥራ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው መቺ ይወረውራል። ጎበዝ ወርዋሪ የለቀቃት ኳስ ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ትደርሳለች። መቺው ልምታ ወይስ ልተዋት ብሎ የሚወስነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ሳቸል በ1906 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ) በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት፣ ሞቢል በምትባል የወደብ ከተማ ከድሃ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ባቡር ጣቢያ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከም ነበር፤ ሳቸል በእንግሊዝኛ የእጅ ሻንጣ ማለት ነውና ቅጽል ስሙ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። በ12 ዓመቱ በስርቆትና ከትምህርት ቤት በመቅረት የጥቁር ልጆች ማረሚያ አስገቡት። አምስት ዓመት ቆየ። መወርወርን በወጉ የተማረው እዚያው ነው።

በ1926 እየተከፈለው መጫወት ጀመረ። ትልቁ ሊግ ግን ለነጭ ብቻ ነበር። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሊጎች አቋቁመው ነበርና እሱም እዚያ ነገሠ። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ እየዞሩ ይጫወታሉ። ብዙ ቦታ ስታዲየሙን ሞልቶ የሚያጨበጭብላቸው ከተማ ማታ አልጋ አያከራያቸውም። የብርዱ ወራት ሲገቡ ደግሞ እንጀራ ፍለጋ ወደ ካሪቢያን ይሻገራሉ።

በ1938 ሜክሲኮ እያለ የሚወረውርበት ክንዱ ታመመ። ከፍ ማድረግ እንኳ አቃተው። ሐኪም ዳግመኛ አትወረውርም አለው። ያኔ የሚፈልገው ቡድን ጠፋ። የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን ባለቤት ጄ. ኤል. ዊልኪንሰን ብቻ በሁለተኛው ቡድናቸው ቦታ ሰጡት። በየገጠሩ እየዞረ፣ ስሙን ሰምቶ ለመጣ ሰው ቀስ አድርጎ ይወረውር ነበር። ከዚያ በ1939 ክንዱ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ግን የፍጥነትን ጉድለት በብልሃት መሙላት ተምሯል። ይህን ሳነብ የተጎዳው ጉልበትህ ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ከቤት አልወጣም ብለህ ምን ያህል እንደተጨነቅን ታስታውሳለህ? አሁን የሰፈር ልጆችን ታሠለጥናለህ ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እዚህ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዩ ስትሪት ብዙም ሳይርቅ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ቦታው ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የ1942ቱ የጥቁሮቹ ሊጎች የዋንጫ ግጥሚያ የተጀመረው እዚያ ነው። ሳቸል ለሞናርክስ ወርውሮ፣ እነ ጆሽ ጊብሰን፣ ያ ስመ ጥር መቺ፣ ያሉበትን ሆምስቴድ ግሬይስን 8 ለ 0 አሸነፉ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያ ሁሉ ሕዝብ ይታየኛል።

በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ተጫዋች የትልቁን ሊግ በር ከፈተ። ሳቸል የመጀመሪያው አለመሆኑ ጎድቶታል፤ ራሱም ኋላ ተናግሮታል። እሱን የትልቁ ሊግ ቡድን ክሊቭላንድ ያስፈረመው በ1948፣ ልክ 42 ዓመት በሞላው ቀን ነው። ብዙዎች በዚያ ዕድሜ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እሱ ስድስት ጨዋታ አሸንፎ በአንድ ብቻ ተሸነፈ። አንድ የነሐሴ ምሽት 78,382 ተመልካች በተገኘበት ተጋጣሚውን ያለምንም ነጥብ ሸኘ። በዚያው ዓመት ክሊቭላንድ ዋንጫውን በላ። ታውቃለህ፣ ሲወረውር እግሩን ተክሎ ክንዱን ለአፍታ ያቆመው ነበር። መቺው ቸኩሎ አየር ይመታል። የሊጉ ፕሬዝዳንት ያቺን ብልሃት ከለከሉበት።

ሰዎች በ42 ዓመቱ ትልቁ ሊግ መግባቱን በደስታ ያወሩታል። እኔን ግን ያንገበግበኛል። ያ ክንድ በ25 ዓመቱ፣ በ30 ዓመቱ ምን ይሠራ እንደነበር የትልቁ ሊግ ተመልካች አላየም። ያን ዕድሜ ማን ይመልስለታል?

በ1965 የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ባለቤት በ59 ዓመቱ ሜዳ አወጣው። ሰው ለመሳብ ሲሉ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነርስ አቆሙለት። ማላገጥ ይመስላል። ሳቸል ግን ተነስቶ ለሦስት ኢኒንግ ወረወረ፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ አለው። ተጋጣሚዎቹ ቦስተኖች በእነዚያ ሦስት ዙሮች አንድ ጊዜ ብቻ መትተው ያለ ነጥብ ቀሩ። አንጀቴን ነው ያራሰኝ!

ከሦስት ዓመት በኋላ የአትላንታ ቡድን በአሠልጣኝነት ያስፈረመው ለጡረታ የጎደለውን ቀን እንዲሞላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለጡረታ ቀን ይቆጠርበት ነበር! በ1971 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ መረጠው። በመጀመሪያ ጥቁሮቹን ለብቻቸው ሊያደርጓቸው አስበው ነበር፤ ሕዝቡ ሲቆጣ ተዉት። በ1982 አረፈ። የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር የተቀላቀለው በ2024 ነው።

የሳቸልን አወራወር የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። እግሩን ወደ ሰማይ ሲያነሳ ለልጆቹ አሳያቸው። ስለ እነሱም በዝርዝር ጻፍልኝ፤ በተለይ ጎበዝ ነው ስለሚሉት በረኛ። ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከዋሽንግተን